በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ፤ የሚስስ ቤድፎርድ ፌንዊክ የሕይወት ታሪክ

ሰው በጤናው ጊዜ ብዙ ነገር መርጦ ያደርጋል። የሚለብሰውን ልብስ አገላብጦ ያያል፤ የሚገዛውን በቅሎ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ለቤቱም ግንበኛ ሲፈልግ ከዚህ በፊት የሠራው ግንብ እስከ ዛሬ መቆሙን ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይሰጥም። ታሞ በተኛ ጊዜ ግን መምረጥ ይቀርና የተሰጠውን መቀበል ብቻ ይሆናል። በሌሊት ትኩሳቱን የምትለካለት፥ መድኃኒቱን የምትቀዳለት፥ ቁስሉን የምታጥብለት ሴት ሥራዋን የምታውቅ ትሁን ወይም ነጭ ልብስ ብቻ የለበሰች ትሁን ለይቶ ለማወቅ አቅምም ጊዜም የለውም። እንግዲህ ስለ በሽተኛው ሆኖ አስቀድሞ የሚመረምርለትና አረጋግጦ የሚሰጠው ማነው?

ለዚህ ጥያቄ ዛሬ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ነርሷ ተምራለች፥ ተፈትናለች፥ ስሟም በመዝገብ ገብቶ የሥራ ፈቃድ ተሰጥቷታል ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ይህ አጭር መልስ ግን እንዲሁ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሕግ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ክርክር ተደርጎበታል። በክርክሩም ውስጥ ልዕልቶችና ሎርዶች፥ ሐኪሞችና የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስ በርሳቸው ያልተስማሙ ሁለት ታላላቅ ሴቶች ገብተውበታል። አንደኛዋ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ሚስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናቸው። ሁለተኛዋ በነርሶች ዘንድ ስማቸው የገነነ ሚስስ ኤተል ቤድፎርድ ፌንዊክ ናቸው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እኒህ ስለ ሁለተኛዋ ሴት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ከስኮትላንድ እስከ ሎንዶን

ኤተል ጎርደን ማንሰን ጥር 26 ቀን 1857 ዓ.ም. በሰሜን ስኮትላንድ ከኤልጊን ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ሀብታም ገበሬ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው ገና ሕፃን ሳሉ ሞቱ። እናታቸውም ጆርጅ ስቶረር የሚባሉትን የፓርላማ አባል አግብተው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ስለዚህ ኤተል ያደጉት የአገር ጉዳይ በምሳ ገበታ ላይ በሚወራበት ቤት ነው። ሕግ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚወጣ፥ የሕግ ረቂቅም በምን ዓይነት ዘዴ ተሸሽጎ እንደሚቀር ገና በልጅነታቸው ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ይህም ዕውቀት በኋላ ዘመን በብዙ ጠቅሟቸዋል።

በዚያን ዘመን ከደኅና ቤተ ሰብ የተወለደች ልጃገረድ ትዳር እስክትይዝ ድረስ በወላጆቿ ቤት ተቀምጣ መጠበቅ እንጂ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ መፈለግ ያልተለመደ ነበር። ኤተል ማንሰን ግን 21 ዓመት ሲሆናቸው በ1878 ዓ.ም. በኖቲንግሃም የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነትን ሥራ ይለማመዱ ጀመር። ከዚያም ወደ ማንቸስተር ሮያል ሆስፒታል ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት የሎንዶን ሆስፒታል አንድ የበሽተኞች ክፍል እንዲመሩ ሾማቸው። ይህ ሆስፒታል የሚገኘው በከተማይቱ ምሥራቅ፥ የወደብ ሠራተኞችና ድሆች በሚኖሩበት ሰፈር ስለ ነበረ የማይመጣ የበሽታና የጉዳት ዓይነት አልነበረም።

በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሰው ያላሰበው ሹመት መጣላቸው። በ1123 ዓ.ም. የተመሠረተውና በእንግሊዝ አገር እጅግ ከቆዩት አንዱ የሆነው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሜትረን፥ ማለት የነርሶች ሁሉ አለቃ፥ እንዲሆኑ ተመረጡ። ዕድሜያቸው ገና 24 ዓመት ነበር። በዚያም የነርሶች ትምህርት ከ2 ዓመት ወደ 3 ዓመት ከፍ እንዲል አደረጉ። በስድስት ዓመት አለቅነታቸው ጊዜ ትእዛዛቸው የጠበቀ፥ ዓይናቸው ጥቃቅኑን ነገር ሳይቀር የሚያይ፥ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ ሆኖ ታወቀ።

በ1887 ዓ.ም. ዶክተር ቤድፎርድ ፌንዊክ የሚባሉትን ሐኪም አገቡ። ያገባች ሴት ሜትረን ሆና መቀመጥ በልማድ የማይቻል ስለ ነበረ ሥራቸውን ለቀቁ። ብዙዎች የሚስ ማንሰን ታሪክ በዚሁ ያበቃ መስሏቸው ይሆናል። እውነተኛው ታሪካቸው የተጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

መዝገብ ለምን አስፈለገ

የዚያን ጊዜውን ሁኔታ ሳይገልጹ ማለፍ የክርክሩን ምክንያት ማድበስበስ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የሐኪሞች መዝገብ ከ1858 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተቋቁሞ ነበር። ነርስ ነኝ ለማለት ግን ነርስ ነኝ ብሎ መናገር ብቻ ይበቃ ነበር። አንደኛው ሆስፒታል በአንድ ዓመት፥ ሁለተኛው በ2፥ ሦስተኛው በ3 ዓመት ያስተምር ነበር፤ የሚሰጡት የምስክር ወረቀት ግን ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ይመስላል። ከትምህርቷ መካከል የተባረረች ሴት ነጭ ሽርጥ አሸርጣ በሰው ቤት በሽተኛ ብታስታምም የሚከለክላት አልነበረም። አንዳንዶቹ ሆስፒታሎችም ትምህርታቸውን ያልጨረሱትን ተማሪዎች ወደ ሀብታሞች ቤት እየላኩ ዋጋውን ለራሳቸው ገቢ ያደርጉ ነበር። እንግዲህ መዝገብ እንዳይኖር የሚፈልግ ሁሉ ስለ ሙያው መንፈስ የተጨነቀ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ገቢው የተጨነቀም ነበረ።

ሚስስ ፌንዊክ በ1887 ዓ.ም. መጨረሻ በሎንዶን ባለው ቤታቸው የሙያ ጓደኞቻቸውን ሰብስበው የብሪታንያ ነርሶች ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዕልት ክርስቲያን ፕሬዚዳንት ሆኑ። የማኅበሩም ዓላማ ግልጽ ነበር። ለነርሶች ሁሉ አንድ መዝገብ ይኑር፤ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው በር አንድ ይሁን፤ የሚገባውም ሦስት ዓመት የተማረና የተፈተነ ብቻ ይሁን የሚል ነው።

ሚስ ናይቲንጌል ይህን አሳብ አጥብቀው ተቃወሙ። ነገሩ ዛሬ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱም በ1860 ዓ.ም. በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶችን ትምህርት ቤት ያቋቋሙትና ነርስነትን ከውርደት ያወጡት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ተቃውሟቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በእሳቸው አስተሳሰብ በነርስ ዘንድ ዋናው ነገር ጠባይ ነው። ትዕግሥትን፥ ርኅራኄን፥ ታማኝነትንና በሌሊት ሳያንቀላፉ መጠበቅን በወረቀት መፈተን አይቻልም። መዝገቡም አንድ ጊዜ የገባችውን ሴት ለዘለዓለም ጥሩ ነርስ ናት ብሎ ይመሰክራል፤ እርሷ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ዕውቀቷ ሊያረጅ፥ ጠባይዋም ሊለወጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ለሁሉ የሚሆን አንድ መለኪያ ሲበጅ መለኪያው ለደካማዎቹ እንዲመች ዝቅ ይላል፤ ጥሩዎቹም ወደ ታች ይጎተታሉ ብለው ሠጉ።

ሚስስ ፌንዊክ ደግሞ ነገሩን ከበሽተኛው አልጋ በኩል ያዩት ነበር። ጠባይ በፈተና አይለካም ማለት እውነት ቢሆንም ዕውቀት ግን ይለካል፤ ዕውቀት የሌለው ርኅራኄም ብቻውን በሽተኛ አያድንም። የሆስፒታሉ ሜትረን የተማሪዎቿን ጠባይ ታውቅ ይሆናል፤ በሌላ ከተማ ያለው በሽተኛ ግን ሜትረኗንም ነርሷንም አያውቅም። ስለዚህ ሜትረኗ በልቧ የምታውቀው ነገር ሕዝብ ሁሉ ሊያየው በሚችል መዝገብ መጻፍ አለበት የሚል ነበር ክርክራቸው። ሁለቱም ሴቶች ለበሽተኛው አሰቡ፤ ነገር ግን አንደኛዋ በአስተማሪዋ፥ ሁለተኛዋ በሕጉ ታመኑ።

የ30 ዓመት ጦርነት

ከዚህ በኋላ የተከተለውን ዘመን የታሪክ ጸሓፊዎች የ30 ዓመት ጦርነት ብለው ይጠሩታል። ማኅበሩ በ1893 ዓ.ም. የንጉሣዊ ቻርተር ተሰጠው። ይሁን እንጂ በሚስ ናይቲንጌልና በደጋፊዎቻቸው ተቃውሞ የተነሣ ቻርተሩ የፈቀደው መዝገብ የሚል ስም ያለውን ነገር ሳይሆን የነርሶች የስም ዝርዝር መያዝን ብቻ ነበር። ለሚያልፍ ሰው የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ዝርዝር ማስታወሻ ሲሆን መዝገብ መብት ነው። ይባስ ብሎም ማኅበሩ በሐኪሞች እጅ እየገባ ሄደና በ1896 ዓ.ም. የመንግሥት ምዝገባን በሚቃወሙት ወገን ቆመ። ሚስስ ፌንዊክ ባቋቋሙት ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነው ቀሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ መሣሪያ ያዙ፤ ይኸውም ጋዜጣ ነው። ከ1893 ዓ.ም. ጀምሮ የነርሶች መጽሔት አዘጋጅ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ መጽሔቱም በኋላ የብሪታንያ የነርሶች መጽሔት ተባለ። እስከ 1946 ዓ.ም. ድረስ፥ ማለት ከ50 ዓመት በላይ፥ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በመጽሔቱም ገጽ ላይ የነርስ ስም ይዘው በበሽተኞች ላይ ጉዳት ያደረሱትን ሴቶች ጉዳይ እያወጡ መዝገብ ቢኖር ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ከባሕር ማዶም ወዳጆች አፈሩ። በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ ለተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄደው በነበረ ጊዜ ኢዛቤል ሃምፕተንንና ላቪኒያ ዶክን ከመሳሰሉት የአሜሪካ ነርሶች መሪዎች ጋር ተዋወቁ። በ1897 ዓ.ም. ግሪክና ቱርክ በተዋጉ ጊዜም ወደ ግሪክ ሄደው ቁስለኞችን የሚያስታምሙትን የእንግሊዝ ነርሶች መርተዋል። በ1899 ዓ.ም. ሎንዶን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ የዓለም ነርሶች ሁሉ በአንድ ማኅበር እንዲተባበሩ አሳብ አቀረቡ፤ የዓለም አቀፍ የነርሶች ምክር ቤት የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዋም ፕሬዚዳንት እሳቸው ሆኑ። ይህ ምክር ቤት ዛሬ ከ130 በላይ የሆኑ አገሮች የነርሶች ማኅበሮች ያሉበት ነው።

የሚያስገርመው ነገር ዘሩ የበቀለው በተዘራበት ማሳ አለመሆኑ ነው። በኒው ዚላንድ የሆስፒታሎች ረዳት ተቆጣጣሪ የነበሩት ግሬስ ኒል በ1899 ዓ.ም. ሎንዶን መጥተው ነበር፤ ወደ አገራቸውም ከተመለሱ በኋላ ለሕጉ መውጣት ደከሙ። ኒው ዚላንድም በ1901 ዓ.ም. ስለ ነርሶች ብቻ የወጣውን የመጀመሪያ የምዝገባ ሕግ አወጣች፤ በጥር ወር 1902 ዓ.ም. ኤለን ዶኸርቲ የተባሉት ነርስ በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ ሆኑ። በአሜሪካም በ1903 ዓ.ም. ኖርዝ ካሮላይና ቀደመች፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርዚ፥ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ተከተሏት። በራሷ በእንግሊዝ አገር እንኳ አዋላጆች በ1902 ዓ.ም. ሕጋቸውን አገኙ። ነርሶቹ ብቻ ከደጅ ቆመው ቀሩ።

በ1904 ዓ.ም. የተራው ሕዝብ ምክር ቤት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በ1905 ዓ.ም. ምዝገባው ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ነገር ግን መንግሥት ሕግ ሊያወጣ አልቸኮለም። በ1908 ዓ.ም. የሎርዶች ምክር ቤት ረቂቁን ተቀብሎ አሳለፈው፤ የተራው ሕዝብ ምክር ቤት ግን ጊዜ የለኝም ብሎ ተወው። የሕግ ረቂቁ በየዓመቱ እየቀረበ በየዓመቱ ይወድቅ ነበር። ሚስስ ፌንዊክ የዚህን ምክንያት ያውቁ ነበር። ፓርላማውን የሚመርጡት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ድምፅ የሌላቸውን የነርሶችን ልመና ችላ ያለ የፓርላማ አባል በምርጫ ቀን የሚደርስበት ነገር የለም። ስለዚህም የሴቶች የምርጫ መብት ደጋፊ ሆኑ። ሚስ ናይቲንጌል በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ክርክሩ ግን ከእሳቸው ጋር አልተቀበረም።

በ1914 ዓ.ም. የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጥቂት ወር ብቻ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች በብዙ ሺህ እየሆኑ በጦር ሆስፒታሎች ገቡ። ከልብ እንደ ሠሩ ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት የተማረችው ነርስና የሦስት ወሯ በጎ ፈቃደኛ በአንድ ልብስ፥ በአንድ ክፍል ቆመው ሲታዩ ልዩነታቸው በምን ይታወቅ የሚለው ጥያቄ በሰው ሁሉ አፍ ገባ። በ1916 ዓ.ም. የነርሶች ኮሌጅ የተባለ ሌላ ማኅበር ተቋቁሞ የራሱን መዝገብ ከፈተ፤ አባሎቹም ከሚስስ ፌንዊክ ወገን ይልቅ በዙ። ሁለቱ ወገኖች በ1919 ዓ.ም. ሁለት የተለያዩ ረቂቆች አቅርበው ሲሻሙ የጤና ጥበቃው ሚኒስትር ዶክተር ክሪስቶፈር አዲሰን የሁለቱንም ትተው የመንግሥትን ረቂቅ አቀረቡ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1919 ዓ.ም. ሕጉ ጸደቀ። ትግሉ ሲጀመር የ30 ዓመት ወይዘሮ የነበሩት ሚስስ ፌንዊክ በዚህ ጊዜ 62 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ድልና ሽንፈት በአንድነት

በሕጉ መሠረት ለእንግሊዝና ለዌልስ የነርሶች ጠቅላይ ምክር ቤት ተቋቋመ። ከ25ቱ አባሎች 16ቱ ነርሶች ነበሩ። መዝገቡ አንድ ዋና ክፍልና ለወንዶች ነርሶች፥ ለአእምሮ ሕሙማን ነርሶችና ለሕፃናት ነርሶች የሚሆኑ ተጨማሪ ክፍሎች ነበሩት። በ1921 ዓ.ም. መዝገቡ በተከፈተ ጊዜ በቁጥር አንድ የተጻፈው ስም የኤተል ቤድፎርድ ፌንዊክ ነበር። ሴትዮዋ ለሌላው ሁሉ ሦስት ዓመት ትምህርት ያስፈልጋል ብለው የተሟገቱ ሲሆኑ ራሳቸው በወጣትነታቸው የተለማመዱት ከአንድ ዓመት እምብዛም ያልበለጠ ጊዜ ነበር፤ በዘመናቸው የሦስት ዓመቱ ደንብ ገና አልተሠራምና። ይህን ነገር ጠላቶቻቸው ሳይናገሩት አልቀሩም።

አሁን ታሪኩ ወደ አሳዛኝ ምዕራፍ ይገባል። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በሥራ ላይ የነበሩት ነርሶች በልምዳቸው እንዲመዘገቡ ይፈቅድ ነበር። ሚስስ ፌንዊክ የምዝገባው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው የእያንዳንዷን አመልካች ማስረጃ አንድ በአንድ ይመረምሩ ጀመር። የዕድሜ ልክ ሥራቸው በመጨረሻው ሰዓት በማይገባው ሰው እንዳይበላሽ ፈሩ። በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ ግን በጠረጴዛ ላይ ተከመረ። በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ አብዛኞቹ የምክር ቤቱ አባሎች በምዝገባው መዘግየት ተቆጥተው ሥራቸውን ለቀቁ፤ የተመለሱትም የምዝገባው አሠራር ከተለወጠ በኋላ ነው። በ1922 ዓ.ም. ነርሶች ራሳቸው ምክር ቤታቸውን በድምፅ ሲመርጡ ሚስስ ፌንዊክን አልመረጧቸውም። 30 ዓመት ሙሉ የተዋጉላቸው ነርሶች በመጀመሪያው የምርጫ ቀን ጥለዋቸው ሄዱ።

ፍርዱን መራር ነው ማለት ይቻላል፤ ያለ ምክንያት ነው ማለት ግን አይቻልም። ሚስስ ፌንዊክ ነርስነት ከደኅና ቤተ ሰብ የወጡ የተማሩ ሴቶች ሙያ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። በድሆች ሆስፒታል ውስጥ ሌት ተቀን የምትደክመው የሠራተኛ ልጅ በአሳባቸው ውስጥ ሰፊ ቦታ አልነበራትም። በ1943 ዓ.ም. ለረዳት ነርሶች ሁለተኛ መዝገብ ሊከፈት ሲል አጥብቀው የተቃወሙትም ስለዚህ ነው። መዝገቡን የሠሩት በልባቸው ውስጥ በነበረችው ነርስ አምሳል ነበር እንጂ በየክፍሉ ያለችው ነርስ በእርግጥ ምን እንደምትሠራ ተመልክተው አልነበረም።

በነገራችን ላይ ይህ ስሕተት የእሳቸው ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው የመንግሥት ፈተና በ1925 ዓ.ም. በተሰጠ ጊዜ ነርስ ምን ማወቅ አለባት የሚለውን የወሰኑት በኮሚቴ የተቀመጡ ሜትረኖችና ሐኪሞች ነበሩ። ወደ በሽተኞቹ ክፍል ገብቶ፥ ሰዓት ይዞ፥ ሥራውን የቆጠረ አልነበረም።

ኤተል ቤድፎርድ ፌንዊክ መጋቢት 13 ቀን 1947 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ባላቸው ከእሳቸው በፊት በ1939 ዓ.ም. ሞተው ነበር። ዛሬ በሎንዶን በአፐር ዊምፖል መንገድ፥ የኖሩበት ቤት ግድግዳ ላይ ስማቸው የተጻፈበት ሰማያዊ ሰሌዳ ይታያል።

መዝገቡና ኢትዮጵያዊቱ ልዕልት

ይህ ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሕጉ በወጣበት በ1919 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የተወለዱት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከአባታቸው ጋር በስደት እንግሊዝ አገር በነበሩ ጊዜ በሎንዶን የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛዋም ተማሪ ነርስነት ተማሩ። በ1939 ዓ.ም. ፈተናቸውን አልፈው የሕፃናት ነርስ ሆነው በመንግሥቱ መዝገብ ገቡ። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ሎንዶን በአውሮፕላን በምትደበደብበት ወራት አገልግለዋል። ነፃነት ሲመለስ ወደ አገራቸው ተመልሰው የአገራቸውን ሴቶች ለማስተማር አሳብ ነበራቸው፤ ዳሩ ግን በነሐሴ ወር 1942 ዓ.ም. ገና በ22 ዓመታቸው ነቀምት ላይ ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው በመዝገቡ ዘንድ ምንም አልጠቀማቸውም፤ የጠቀማቸው መማራቸውና መፈተናቸው ነው። ሚስስ ፌንዊክ የፈለጉት ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ በር ላይ የሚጠየቀው ማን ነሽ ሳይሆን ምን ታውቂያለሽ እንዲሆን። ራሳቸው ሙሉ በሙሉ ባይፈጽሙትም የተከሉት ዛፍ ያፈራው ፍሬ ይህ ነው።

ከእሳቸው በኋላ የመጣው ጥያቄ

ሚስስ ፌንዊክ ካረፉ ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1953 ዓ.ም.፥ በእንግሊዝ አገር የናፊልድ የሆስፒታሎች ድርጅት አንድ የጥናት ውጤት አሳተመ። አጥኚዎቹ በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ ሆነው ነርሶች በየሰዓቱ ምን እንደሚሠሩ፥ የትኛውን ሥራ ማን እንደሚሠራው እየተመለከቱ ጻፉ። ከጥናቱ እንደ ታየውም የበሽተኛ አያያዝ ሥራ አብዛኛው የወደቀው ገና በመማር ላይ ባሉት ተማሪዎች ትከሻ ላይ ነበር። ሜትረኖች ሁሉ ይህን በግምት ያውቁት ይሆናል፤ በቁጥር ተጽፎ ሲታይ ግን ማንም ሊክደው አልቻለም።

በአሜሪካ ይህ አሠራር የፈተናው ሁሉ መሠረት ሆነ። በ1978 ዓ.ም. የየግዛቱ የነርሶች ቦርዶች በአንድነት ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋሙ። ምክር ቤቱ በየሦስት ዓመቱ አዲስ የሥራ ፈቃድ ወዳገኙ በብዙ ሺህ ወደሚቆጠሩ ነርሶች የጥያቄ ወረቀት ይልካል። በወረቀቱም ላይ የነርስ ሥራ በዝርዝር ይጻፍና እያንዳንዱን ሥራ ስንት ጊዜ እንደምትሠራው፥ ባይሠራ ወይም በስሕተት ቢሠራ ለበሽተኛው ምን ያኽል አደገኛ እንደ ሆነ ትጠየቃለች። ከመልሱም ተነሥቶ የፈተናው ዕቅድ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሠራውና አደጋው የከፋው ነገር በብዛት ይጠየቃል፤ ማንም የማይሠራው ያረጀ ነገር ከፈተናው ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ፈተናውን የምታወጣው በቢሮ የተቀመጠችው አለቃ ብቻ ሳትሆን ትናንት ሌሊት በሽተኛ ስትጠብቅ ያደረችው ወጣት ነርስ ጭምር ናት።

የሚስ ናይቲንጌል ሥጋትም አልተረሳም። አንድ ጊዜ የተመዘገበች ነርስ ዕውቀቷ ቢያረጅስ ብለው ነበርና፥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በብሪታንያ እያንዳንዱ ነርስ በየሦስት ዓመቱ ቢያንስ 450 ሰዓት እንደ ሠራና 35 ሰዓት ዕውቀቱን እንዳሻሻለ ማስረጃ ሳያቀርብ ምዝገባውን ማደስ አይችልም። የሁለቱ ሴቶች ጠብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአንድ ደንብ ውስጥ ታረቀ ማለት ይቻላል። መዝገቡ የሚስስ ፌንዊክ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያለውን ስም ደጋግሞ መጠየቅ ደግሞ የሚስ ናይቲንጌል ነው።

በአገራችንም የነርስነትን ትምህርት የጨረሱ ተመራቂዎች የሥራ ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት የብቃት ምዘና ፈተና እንዲፈተኑ ተደርጓል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከሚስስ ፌንዊክ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ፈተና መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ከከተማ ርቃ በወረዳ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን የምትሠራው ሥራና በትልቅ ሆስፒታል ከሐኪሞች ጋር የምትሠራው ሥራ አንድ አይደለም። ፈተናው ከሁለቱ የትኛዋን ነርስ ያውቃታል? ወደ እርሷ ሄዶ፥ ሥራዋን አይቶና ቆጥሮ የሚመለስ ሰው ከሌለ ፈተናው ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ፥ የሚያልፈውም መጽሐፉን የሸመደደ ብቻ ይሆናል።

ሚስስ ፌንዊክ እልኸኛ ነበሩ፤ ሰው መሸነፋቸውን ሲነግራቸው እንኳ የማይሰሙ ሴት ነበሩ። ያ እልኽ ባይኖር ኖሮ መዝገቡ በ1921 ዓ.ም. ባልተከፈተ ነበር፤ ያው እልኽ ደግሞ ከከፈቱት መዝገብ ቤት አስወጣቸው። የሠሩት ሥራ ግን ከእልኻቸውም ከሽንፈታቸውም በላይ ዘልቋል። ዛሬ ማታ በየአገሩ ታሞ የተኛው ሰው መብራቱ ሲጠፋ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ያጠገቡ ሴት ማን እንደ ሆነች አልጠየቀም፤ እርሱ በጤናው ሳለ ሌሎች ሰዎች ስለ እርሱ ሆነው ጠይቀውለታልና።